ከካሜራ በፊት የሚደረገው ቃለ መጠይቅ፦ የቶክ ሾው ተለማማጆች ሥልጠናና የእንግዳ ደኅንነት ከልደታ ክፍለ ከተማ አንጻር

አኅጽሮት

በቴሌቪዥን ቶክ ሾው ዝግጅት የሚመደቡ ተለማማጆች ከሚሰጧቸው ሥራዎች አንዱ እንግዳውን ከቀረጻ በፊት ማነጋገር ነው። ይህ ቅድመ ቃለ መጠይቅ ተመልካች የማያየው ሥራ በመሆኑ ከሙያ ቁጥጥርና ከትምህርት ምዘና በቀላሉ ያመልጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ቅድመ ቃለ መጠይቅ በእንግዳው ላይ የሚያስከትለውን ኃላፊነት መመርመርና ለተለማማጆች ሥልጠና የሚበጅ አሠራር ማመላከት ነው። ጽሑፉ የልደታ ክፍለ ከተማን ተቋማት በመነሻነት በመውሰድ፣ ከሕክምና ተለማማጆች አሠራር፣ ከውጭ አገር ተሞክሮዎችና በሥራ ላይ ካሉ የኢትዮጵያ ሕጎች ጋር ያነጻጽራል። የሚደርስበት መደምደሚያም የቶክ ሾው ተለማማጅ ዋነኛ ትምህርት አደራ መቀበልና ማስረከብ እንደሆነ፣ ይህም በጽሑፍ በሚያዝ የእንግዳ መዝገብ ሊደገፍ እንደሚገባ ነው።

ቁልፍ ቃላት፦ ቶክ ሾው፣ ተለማማጅ፣ ቅድመ ቃለ መጠይቅ፣ ፈቃድ፣ የእንግዳ መዝገብ

1. መግቢያ

በልደታ ክፍለ ከተማ «ኢንተርን» የሚለው ቃል ሲነሣ በቅድሚያ ወደ አእምሮ የሚመጣው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነጭ ጋዋን ለብሶ ከአልጋ ወደ አልጋ የሚዘዋወረው የመጨረሻ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነው። የዚህ ተለማማጅ ድርሻ ተለይቶ የታወቀ ነው። የታማሚውን የሕመም ታሪክ ጠይቆ ይቀበላል፤ በቻርት ላይ ያሰፍራል፤ ከእርሱ በላይ ላሉት ሐኪሞች ያቀርባል፤ ተረኛነቱ ሲያበቃም ታማሚውን ለተተኪው ያስረክባል።

በዚያው አካባቢ ሌላ ዓይነት ኢንተርንም ይንቀሳቀሳል። ይህኛው የጋዜጠኝነት ተማሪ ሲሆን ለአንድ የቴሌቪዥን ቶክ ሾው እንግዳ እንዲያፈላልግ፣ ታሪኩን እንዲያጣራና ለአቅራቢው የጥያቄ ረቂቅ እንዲያዘጋጅ የተላከ ነው። እርሱም እንደ ሕክምናው ተለማማጅ የሰው ታሪክ ይቀበላል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ባለው መንገድ ላይ ነው። የሰማውን የሚያሰፍርበት የታወቀ ቅጽ፣ የሚያርመው የተወሰነ ኃላፊ፣ የሚያስረክብበት ሥርዓት ከሌለ፣ የእንግዳው ታሪክ በተለማማጁ ማስታወሻ ደብተርና በስልኩ ላይ ተበትኖ ይቀራል፤ ወይም ያለ አንዳች ገደብ ወደ ስቱዲዮ ይገባል።

በመሆኑም ይህ ጽሑፍ የሚያነሣው ጥያቄ አንድ ነው፤ እንግዳው ለተለማማጁ የነገረው ነገር የማን ኃላፊነት ነው?

2. ቶክ ሾውና የተለማማጁ ቦታ

ቶክ ሾው አቅራቢና እንግዳ በስቱዲዮ ተቀምጠው፣ ብዙ ጊዜም በታዳሚ ፊት፣ ስለ ሕይወት፣ ስለ ሥራና ስለ ወቅታዊ ጉዳይ የሚጨዋወቱበት የዝግጅት ዓይነት ነው። በአሜሪካ «ቱናይት ሾው» እ.ኤ.አ. በ1954 ከተጀመረ ወዲህ አቅራቢው በጠረጴዛ፣ እንግዳው በጎኑ ባለ ወንበር፣ ሙዚቀኞች ከወዲያ ማዶ የሚቀመጡበት ቅርጽ በብዙ አገሮች ተለምዷል። በኢትዮጵያ የቴሌቪዥን ሥርጭት በ1957 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ለረጅም ዘመን በመንግሥት ጣቢያ ብቻ ተወስኖ ቆይቷል። የሳተላይት ጣቢያዎች ሲስፋፉ ግን በአቅራቢው ስም የሚታወቁ ዝግጅቶች በብዛት ብቅ አሉ፤ «ሰይፉ በኢቢኤስ» እና «ጆሲ ኢን ዘ ሃውስ» በሰፊው ከታወቁት መካከል ይጠቀሳሉ። በራዲዮ በኩል ደግሞ በሸገር ኤፍ ኤም 102.1 የሚቀርበው የመዓዛ ብሩ «የጨዋታ እንግዳ» ረጅም የሕይወት ታሪክ ጭውውትን ለአድማጭ አለማምዷል።

በእነዚህ ዝግጅቶች ስያሜና ንግግር ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ቃል አለ፤ የሚጠየቀው ሰው «እንግዳ» ይባላል። በአገሩ ልማድ እንግዳ የቤቱ አደራ ነው። በማዕድ ጊዜ እጅ የሚያስታጥበው ግን ባለቤቱ ራሱ ሳይሆን ከቤቱ ልጆች አንዱ ነው፤ ልጁ ቢያጠፋ የሚታማው ቤቱ ነው። በቶክ ሾው ዝግጅትም ለእንግዳው መጀመሪያ የሚደውለው፣ በር ላይ የሚቀበለው፣ ከሜካፕ ክፍል ወደ ስቱዲዮ የሚወስደው ከሠራተኞች ሁሉ በዕድሜም በደረጃም የሚያንሰው ተለማማጅ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካው የኤን ቢ ሲ ጣቢያ «ፔጅ» ተብለው የሚቀጠሩ ወጣቶች እ.ኤ.አ. ከ1933 ጀምሮ ጎብኚና ታዳሚ በማስተናገድ ወደ ሙያው እንዲገቡ የሚደረገውም በተመሳሳይ አስተሳሰብ ነው። ተቀባይነት ዝቅተኛ ሥራ መስሎ ቢታይም እንግዳው ስለ ዝግጅቱ የሚኖረው እምነት የሚገነባው እዚያ ላይ ነው።

3. ቅድመ ቃለ መጠይቅ ምን ያከናውናል?

አንድ የቶክ ሾው ክፍል ለአየር እስኪበቃ በርካታ ደረጃዎችን ያልፋል። በዕቅድ ስብሰባ ርዕስና እንግዳ ይመረጣል፤ እንግዳው ይጋበዛል፤ ቅድመ ቃለ መጠይቅ ይደረጋል፤ ታሪኩ ይጣራል፤ የጥያቄ ረቂቅና የዝግጅቱ ቅደም ተከተል ይጻፋል፤ ቀረጻና ኤዲቲንግ ይከተላሉ። ከሥርጭቱ በኋላም ዝግጅቱ በዩቲዩብና በማኅበራዊ መገናኛዎች በአጫጭር ቁራጮች ተከፋፍሎ ይዘዋወራል።

ቅድመ ቃለ መጠይቅ በዚህ ሂደት ውስጥ ሦስት ተግባራት አሉት። የመጀመሪያው መምረጥ ነው፤ ከእንግዳው ረጅም ታሪክ ውስጥ በአንድ ሰዓት ሊነገር የሚችለውና ተመልካችን የሚይዘው ይለያል። ሁለተኛው ማጣራት ነው፤ ቀኖች፣ ስሞችና ሰነዶች ይመሳከራሉ፤ በታሪኩ ውስጥ የሚወቀስ ሌላ ወገን ካለ ይፈለጋል። ሦስተኛው ማስታወቅ ነው፤ እንግዳው ምን እንደሚጠየቅ፣ ከማን ጋር እንደሚቀርብ፣ ዝግጅቱ የቀጥታ ይሁን የተቀረጸ፣ የት የት እንደሚሠራጭ ይነገረዋል። ተለማማጆች በመጀመሪያው ተግባር በፍጥነት ይሠለጥናሉ፤ ምክንያቱም የሚመሰገኑበት እርሱ ነው። «ጥሩ ታሪክ አመጣ» ይባልላቸዋል። ሦስተኛው ግን ማንም የማያየው ስለሆነ ሊዘለል ይችላል።

እዚህ ላይ የአማርኛ አነጋገር ራሱ የሚፈጥረው አንድ ሁኔታ አለ። ተለማማጇ አንዲትን እናት ስታነጋግር «እማማ» ወይም «እትዬ» ብላ ትጀምራለች፤ እናትየዋም «ልጄ» ብለው ይመልሳሉ። ይህ አጠራር ለጋዜጠኛው የማስመሰያ ስልት አይደለም፤ ታናሽ ታላቁን የሚያነጋግርበት ተገቢው ወግ ነው። ሆኖም ርቀትን ያጠባል። ለምሳሌ ያህል፣ እናትየዋ ልጃቸው ታሞ ስላሳለፉት መከራ ሊናገሩ ፈቅደው እያለ፣ በጨዋታው መካከል ስለ ልጁ አባት ማንነት ወይም ስለ ራሳቸው ሕመም ቢያወሩ፣ የነገሩት ለ«ልጄ» እንጂ ለአገር አይደለም። ተለማማጇ ያንን በጥያቄ ረቂቁ ውስጥ ካሰፈረችውና አቅራቢው በመብራት ሥር ከጠየቃቸው፣ እናትየዋ በዚያች ቅጽበት ሁለት መጥፎ ምርጫዎች ብቻ ይቀሯቸዋል፤ መካድ ወይም ያልፈቀዱትን መናገር። አቅራቢው ሆን ብሎ አልበደለም፤ ረቂቁ የሰጠውን ጠየቀ። ተለማማጇም አልዋሸችም። ጥፋቱ የተፈጠረው በሁለቱ መካከል «ይህ ለአየር ነው፤ ይህ አይደለም» የሚል ርክክብ ባለመኖሩ ነው።

4. ልደታ እንደ ልምምድ መስክ

ልደታ ክፍለ ከተማ ስሙን ያገኘው በየዓመቱ ግንቦት 1 ቀን ከሚከበርላት የልደታ ለማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። ከሜክሲኮ አደባባይ እስከ ጥቁር አንበሳ የሚዘልቀው ይህ አካባቢ ለቶክ ሾው ተለማማጅ በአንድ የእግር መንገድ ርቀት ውስጥ እጅግ የተለያዩ ታሪኮችን ያቀርባል። ከእነዚህ መካከል ሦስቱ ቦታዎች ሦስት የተለያዩ ኃላፊነቶችን ያስተምራሉ።

የመጀመሪያው ሆስፒታሉ ነው። ጥቁር አንበሳ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማስተማሪያ ሆስፒታል ሲሆን ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ የካንሰር የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ብቸኛ ተቋም ሆኖ ቆይቷል። ከየክልሉ የመጡ ታማሚዎችና አስታማሚዎች በግቢውና በአካባቢው ይገኛሉ። የርዳታ ጥሪ የሚያቀርብ ዝግጅት በዚህ ቦታ እንግዳ አያጣም። ነገር ግን የተቸገረ ሰው የሚሰጠው ፈቃድ ሙሉ ነጻነት ያለው ነው ለማለት ያስቸግራል፤ የሕክምና ወጪ የሚያስፈልገው ሰው «ሁሉንም እናገራለሁ» ይላል። ስለሆነም ከተለማማጁ የሚጠበቀው ፈቃዱን በጅምላ መቀበል ሳይሆን ለርዳታው ጥሪ የሚያስፈልገውንና የማያስፈልገውን ከእንግዳው ጋር አንድ በአንድ መለየት ነው።

ሁለተኛው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የልደታ ምድብ ችሎት ነው። በችሎቱ ደጃፍ የተከሳሽም የተበዳይም ቤተሰቦች ይቆማሉ። የአንዱን ወገን እንባ ይዞ ወደ ስቱዲዮ መመለስ ቀላል ነው፤ ሌላው ወገን ግን ገና አልተሰማም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጥፋተኛነቱ እስኪረጋገጥ ድረስ እንደ ንጹሕ የመቆጠር መብት እንዳለው ይደነግጋል። ተለማማጁ «ገዳዩ» ብሎ ከጻፈ አቅራቢውም «ገዳዩ» ሊል ይችላል፤ ስለዚህ የቃላት ጥንቃቄ የሚጀምረው ከማስታወሻ ደብተሩ ነው።

ሦስተኛው የነባሩ ሠፈር ለውጥ ነው። የቀድሞ የቀበሌ ቤቶች በነበሩበት ቦታ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ቆመዋል፤ መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የከተማ ቀላል ባቡርም ሁለቱ መስመሮች በጋራ በሚጠቀሙበት ሐዲድ እስከ ልደታ ጣቢያ ይደርሳል። በመልሶ ማልማቱ ወደ ሌላ አካባቢ የሄዱ ነባር ነዋሪዎች ስለ ዕድርና ስለ ጉርብትና የሚያወሩት የትዝታ ጨዋታ ብቻ አይደለም፤ የማኅበራዊ ታሪክ ምንጭ ነው። እዚህ ላይ የተለማማጁ ኃላፊነት ትዝታን ከማስረጃ ለይቶ መያዝ፣ የቤተሰብ የይዞታና የካሳ ጉዳይ ሲነሣም በክርክር ላይ ያለ መሆኑንና አለመሆኑን መጠየቅ ነው።

5. ከውጭ አገር ተሞክሮዎች የሚገኝ ትምህርት

እንግዳው ሳያውቅ ወይም በቂ እንክብካቤ ሳይደረግለት ለካሜራ ሲቀርብ የሚደርሰው ጉዳት መላምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት ወር 1995 በአሜሪካ «ጄኒ ጆንስ ሾው» ላይ አንድ እንግዳ «በምሥጢር የሚወድህ ሰው አለ» ተብሎ ተጋብዞ፣ ያ ሰው ማን እንደሆነ ግን ሳይነገረው ቀረበ። ከቀረጻው ከሦስት ቀን በኋላ እንግዳው ፍቅሩን የገለጸለትን ሰው ገደለ። ክፍሉ ለሥርጭት ባይበቃም አዘጋጆቹ በፍትሐ ብሔር ተከሰው እ.ኤ.አ. በ1999 የጁሪ ውሳኔ 25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፍሉ አዘዘ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን እ.ኤ.አ. በ2002 ሽሮታል። ሕጋዊ ተጠያቂነቱ ቢነሣም የሙያው ጥያቄ አልተነሣም፤ ማስታወቅ የሚባለው ተግባር በፍላጎት ተዘልሎ ነበር።

በብሪታንያ «ዘ ጄረሚ ካይል ሾው» የተባለው ዝግጅት ለ14 ዓመታት ከታየ በኋላ እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 2019 የአንድ እንግዳ ሞት ተከትሎ ተቋረጠ። የአገሪቱ የመገናኛ ተቆጣጣሪ ኦፍኮም ጣቢያዎች ለተሳታፊዎች ሊያደርጉት የሚገባውን ጥንቃቄ የሚመለከቱ አዳዲስ ደንቦችን አውጥቶ ከሚያዝያ ወር 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ አውሏል። ከዚህ የሚገኘው ፍሬ ነገር ጥንቃቄው ከቀረጻ በፊት ተጀምሮ ከሥርጭት በኋላም የሚቀጥል መሆኑ ነው።

የተለማማጆቹን የራሳቸውን መብት በተመለከተም ተሞክሮ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የአሜሪካው «ቻርሊ ሮዝ ሾው» አዘጋጆች ያለ ክፍያ ሠርተናል ባሉ የቀድሞ ተለማማጆች የቀረበባቸውን ክስ እስከ 250,000 ዶላር ለመክፈል በመስማማት ዘግተዋል። ስምምነቱ ለአንድ ተለማማጅ በሳምንት 110 ዶላር፣ ቢበዛ ለ10 ሳምንታት የሚታሰብ ነበር። ቆይቶም እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በፊልም ተለማማጆች ጉዳይ «ከግንኙነቱ ይበልጥ የሚጠቀመው ማን ነው?» የሚለውን መለኪያ አስቀምጧል። መለኪያው ለኢትዮጵያም ዩኒቨርሲቲዎች ጠቃሚ ጥያቄ ነው፤ ተማሪው ያለ ተቆጣጣሪ የባለሙያን ሥራ ሙሉ በሙሉ የሚሠራ ከሆነ ልምምዱ ትምህርት መሆኑ ያጠራጥራል።

6. በሥራ ላይ ያሉ ሕጎች

በኢትዮጵያ ለቅድመ ቃለ መጠይቅ ተብሎ የወጣ ልዩ ሕግ ባይኖርም ተግባሩን የሚነኩ ድንጋጌዎች ጥቂት አይደሉም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የግል ሕይወትን፣ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽና የፕሬስ ነጻነትን ይጠብቃሉ። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይቀርብ ይከለክላል፤ በቁጥር 28 ደግሞ የሰውዬው ዕውቅና፣ የያዘው የመንግሥት ሥራ ወይም የሕዝብ ጥቅም ሲጠይቅ ልዩ ሁኔታ ያስቀምጣል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የዘርፉን አጠቃላይ ማዕቀፍ ይዟል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ይመድባል። ከጥቁር አንበሳ ደጃፍ በተለማማጅ ስልክ የተቀዳ ድምፅና ፎቶግራፍ የተሸከመው ይህንን ዓይነት መረጃ ነው።

የተለማማጁን ሁኔታ በተመለከተ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የትምህርትና የሥልጠና ግንኙነቶችን በአጠቃላይ ከወሰኑ ሲያወጣ የሙያ መልመጃ ውልን ግን አካቷል። ይህ ውል በጽሑፍ ሆኖ የሥልጠናውን ዓይነትና ጊዜ፣ የሚከፈለውን ክፍያና የሥራውን ሁኔታ እንዲገልጽ ይጠበቃል። በዩኒቨርሲቲ የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ የሚመደብ ተማሪ ግን በእጁ ያለው ወረቀት ስለ ሥራው ዝርዝርና ስለ ኃላፊነቱ ምንም ላይል ይችላል። ውጤቱም እንግዳውንም ተለማማጁንም ያለ ጥበቃ የሚያስቀር ክፍተት ነው።

7. የእንግዳ መዝገብ

የሕክምና ተለማማጅ ከቶክ ሾው ተለማማጅ የሚለየው በዕውቀት ብዛት ወይም በሥነ ምግባር ብልጫ አይደለም፤ ቻርት ስላለው ነው። ቻርት የተሰማውን ይይዛል፤ ማን እንደሰማው ያሳያል፤ የበላይ ሐኪም እንዲያየው ያስገድዳል። ለቶክ ሾውም ከአንድ ገጽ የማይበልጥ የእንግዳ መዝገብ ማዘጋጀት ይቻላል። መዝገቡ አራት ክፍሎች ቢኖሩት በቂ ነው።

በመጀመሪያው ክፍል ለእንግዳው የተነገረው ይሰፍራል፤ ርዕሱ፣ አብረው የሚቀርቡት ሰዎች፣ የሥርጭቱ ዓይነት፣ በዩቲዩብ የሚቆይ መሆኑ። በሁለተኛው እንግዳው ነግሮ «ለአየር አይሁን» ያለው ጉዳይ በርዕሱ ብቻ ይመዘገባል፤ ዝርዝሩ አይጻፍም። በሦስተኛው የተጣራውና ያልተጣራው ይለያል፤ የሚወቀስ ወገን ካለ መጠየቁ ይገለጻል። በአራተኛው ተለማማጁ፣ አዘጋጁና አቅራቢው ከቀረጻ በፊት ይፈርማሉ፤ ከሥርጭቱ ማግሥት ለእንግዳው የተደወለበት ሰዓትም ይያዛል።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንደኛው ቶክ ሾው ሕይወት የሚያገኘው ካልታሰበ ጥያቄ ነው የሚል ነው። ይህ እውነትነት አለው፤ ነገር ግን የሚያስቅ ወይም የሚያስገርም ጥያቄ አንድ ነገር ነው፤ በአደራ የተነገረን ቁስል ሳይታሰብ መግለጥ ሌላ ነው። መዝገቡ የሚከለክለው ሁለተኛውን ብቻ ነው። ሌላውና ይበልጥ ክብደት ያለው ተቃውሞ ባለሥልጣናትና ታዋቂ ሰዎች ሁለተኛውን ክፍል ጥያቄ ማምለጫ ያደርጉታል የሚለው ነው። ስለዚህ የመዝገቡ ወሰን በግልጽ መሰመር አለበት። የሕዝብ ኃላፊነት የያዘ ሰው ስለ ሥራው የሚቀርብለትን ጥያቄ ሊያስቀር አይችልም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉም ቢሆን ለእንዲህ ያለው ሰው የሰጠው ከለላ ከተራው ሰው ያነሰ ነው። ክፍሉ የሚያገለግለው በችግሩ፣ በሕመሙ ወይም በሐዘኑ ምክንያት ለአንድ ቀን ካሜራ ፊት ለሚቀርበው ግለሰብ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎችም ምዘናቸውን ከዚሁ ጋር ማቀናጀት ይችላሉ። የልምምድ ሪፖርት የሰዓት ብዛትንና የተሳተፉባቸውን ክፍሎች ብቻ ከሚዘረዝር፣ ተማሪው የያዛቸውን የእንግዳ መዝገቦች የእንግዶቹ ስም ተሰውሮ እንዲያቀርብና አንድ ከባድ ውሳኔውን እንዲተነትን ቢደረግ፣ የማይታየው ሥራ የሚታይና የሚታረም ይሆናል።

8. ማጠቃለያ

የቶክ ሾው ልምምድ ተማሪውን ከመብራት፣ ከካሜራና ከዝነኞች ጋር ስለሚያቀራርብ ተፈላጊ ነው። ሆኖም በውስጡ ያለው ከባዱ ትምህርት ከስቱዲዮ ውጭ፣ በስልክ መስመር ላይ ወይም በሆስፒታልና በፍርድ ቤት ደጃፍ የሚገኝ ነው። በመግቢያው ለተነሣው ጥያቄ የሚሰጠው መልስም ከዚህ ይመነጫል። እንግዳው ለተለማማጁ የነገረው ነገር በመጀመሪያ የእንግዳው ነው፤ ከዚያ በኋላ በፊርማ የተቀበሉት ተለማማጅ፣ አዘጋጅና አቅራቢ የጋራ ኃላፊነት ነው። ይህንን ሰንሰለት በጽሑፍ ያላሰረ ዝግጅት ጥፋት ሲደርስ ከሁሉ የሚያንሰውን ተማሪ ተወቃሽ ያደርጋል፤ ጉዳቱን የሚሸከመው ግን እንግዳው ነው። ለመነሻ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ ወረቀትና ከቀረጻ በፊት ያለ የአሥር ደቂቃ ርክክብ ነው።